ሦስት ጊዜ ተረጭቶ ያልሞተው ተምች፦ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ይላል። «በቆሎዬ ከተዘራ ሰባት ሳምንት ሆኖታል፤ ቁመቱ ወገብ ይደርሳል። ከአራት ሳምንት በፊት ቅጠሉ ተበሳስቶ አገኘሁት። ተምች ነው ስለተባልኩ አንዱን ፀረ-ተባይ በየሳምንቱ፣ ጤዛው ደርቆ ፀሐይዋ ከበረታች በኋላ፣ ሦስት ጊዜ ረጨሁ። ዛሬም እምብርቱን፣ አዲሱ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚወጣበትን፣ ስገልጥ ወፍራም ትል አገኛለሁ። የድሮው ተምች በአንድ ርጭት ያልቅ ነበር። መጠኑን እጥፍ ላድርገው? ከሌላ መድኃኒት ጋር ልቀላቅለው? ወይስ ሰብሉን ነቅዬ ልጣለው?»

ለሦስቱም ጥያቄዎች መልሴ አይሆንም ነው። መጠኑን ማሳደግም ሆነ መቀላቀል የሚጠቅመው መርዙ ትሉን አግኝቶ ሳይገድለው ቀርቶ ቢሆን ነበር፤ በእርስዎ ማሳ ግን ከሁሉ በፊት መርዙና ትሉ አልተገናኙም። ሰብሉን መንቀልም፣ ከታች እንደምገልጸው፣ ትሉ ሊያደርስ ከሚችለው በላይ የሆነ ኪሳራ በገዛ እጅ መግባት ነው። ይልቅ መጀመሪያ መታረም ያለበት «የድሮው ተምች» የሚለው ንጽጽር ነው፤ ስህተቱ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ነውና።

የድሮው ተምች፣ በሳይንሳዊ ስሙ ስፖዶፕቴራ ኤግዜምፕታ፣ የአፍሪካ ነባር ተባይ ነው። ዝናብ ሲጀምር በድንገት በብዛት ይፈለፈላል፣ ሲበዛም ቆዳው እንደ ከፋይ ይጠቁራል፣ ከማሳ ወደ ማሳ እንደ ሰልፈኛ ይጓዛል። ሣርና የሣር ዘመድ የሆኑ ሰብሎችን በግላጭ፣ ከቅጠሉ ላይ ሆኖ ይበላል። በግላጭ ስለሚበላም ርጭት በቀላሉ ያገኘዋል። አሁን በእምብርቱ ውስጥ ያገኙት፣ በተለምዶ መጤ ተምች የሚባለው ስፖዶፕቴራ ፍሩጂፔርዳ፣ የእርሱ የቅርብ ዘመድ ቢሆንም አኗኗሩ ሌላ ነው። የትውልድ ቦታው የአሜሪካ አህጉር ሞቃታማና ከፊል ሞቃታማ ክፍል ነው። በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ በምዕራብ አፍሪካ ሲሆን፣ በ2017 መጀመሪያ ኢትዮጵያ ገባ፣ በ2018 ሕንድ፣ በ2019 ቻይና፣ በ2020 አውስትራሊያ ደረሰ። ለዚህ ፍጥነቱ ምክንያት የሆነው ትሉ አድጎ የሚሆናት የእሳት እራት የመብረር አቅም ነው፤ ነፋስ ሲያግዛት በአንድ ሌሊት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች። የሚመገባቸው ዕፅዋት ከ350 ዝርያዎች በላይ እንደሆኑ ተመዝግቧል፤ ቀዳሚ ምርጫው ግን በቆሎ ነው።

ማንነቱን ማረጋገጥ አያስቸግርም። አንድ ትልቅ ትል ይውሰዱና ራሱን ከፊት ለፊት ይመልከቱ፤ ግንባሩ ላይ ፊደላችንን «ሰ»ን የሚመስል፣ ከላይ አንድ ሆኖ ወደ ታች ለሁለት የሚከፈል ነጣ ያለ መስመር አለ። ቀጥለው ወደ ጅራቱ ይሂዱ፤ ከመጨረሻው በፊት ባለው የሰውነቱ ክፍል ጀርባ ላይ አራት ጥቋቁር ነጠብጣቦች በአራት ማዕዘን ተቀምጠዋል። ሁለቱ ምልክቶች በአንድነት ከታዩ መጤ ተምች ነው። ቀለሙን አይመኑ፤ አረንጓዴም፣ ቡናማም፣ ጥቁር ማለት የሚቻልም ይሆናል። ቅጠሉ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ጥቃቅንና በመስመር የተደረደሩ ከሆኑ፣ የመሐሉ ቅጠል ደርቆ ሲስቡት ከተነቀለ፣ አገዳው ሲሰነጠቅም ትሉ ውስጡ ከተገኘ፣ ያ የአገዳ ቆርቁር የሚባል ሌላ ተባይ ነው፤ ቀጥሎ የምሰጠው ምክርም በሙሉ አይሠራበትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ዕድሜው ልምጣ። የእሳት እራቷ እንቁላሏን ከመቶ እስከ ሁለት መቶ እያደረገች በአንድ ቦታ፣ ብዙውን ጊዜ ከቅጠሉ ሥር፣ ትጥልና ከሰውነቷ በሚረግፍ ሱፍ መሰል ነገር ትሸፍነዋለች፤ በዕድሜዋ የምትጥለው ከሺህ ያልፋል። እንቁላሉ በሙቀት ወራት በሁለትና በሦስት ቀን ይፈለፈላል። ትሉ ከዚያ በኋላ ስድስት የዕድገት ደረጃዎች አሉት። አዲስ የተፈለፈለው ከ2 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ሦስተኛው ደረጃ ላይ 6 ሚሊ ሜትር ያህል፣ አራተኛው ላይ 1 ሴንቲ ሜትር፣ አምስተኛው ላይ ከ1.5 ሴንቲ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን፣ ስድስተኛው ላይ ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ይደርሳል። ይህ ሁሉ አየሩ ሞቃት ከሆነ በሁለት ሳምንት ገደማ ያልቃል። ከዚያ ትሉ ወርዶ አፈር ውስጥ ከ2 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ወደ ሙሽሬነት፣ ማለትም ሳይበላ ወደ እሳት እራት ወደሚለወጥበት ደረጃ፣ ይገባል፤ ከስምንት ዘጠኝ ቀን በኋላም የእሳት እራት ሆኖ ይወጣል። በሞቃት ወቅት አንድ ትውልድ አንድ ወር ያህል ይፈጃል፤ ሲቀዘቅዝ ሁለትና ሦስት ወር ይሆናል። የእሳት እራቷ ራሷ ቅጠል አትበላም፤ የአበባ ማር ትቀስማለች እንጂ።

ሊታወሱ የሚገባቸው ቁጥሮች ግን እነዚህ ናቸው። ትሉ በሕይወቱ ከሚበላው ቅጠል የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደረጃዎች ድርሻ 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። አራተኛው ደረጃ 5 በመቶ ያህል፣ አምስተኛው 16 በመቶ ያህል ይወስዳል፤ የቀረውን 77 በመቶ የሚበላው በመጨረሻው ደረጃ፣ አራት ቀን ገደማ በሚሆን ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ ገበሬው «ትናንት ምንም አልነበረም፣ ዛሬ ማሳው ተበላ» ሲል ዓይኑ አላታለለውም፤ ተባዩ ግን ከአሥር ቀን በላይ አብሮት ከርሟል። በዚያ ጊዜ ይታይ የነበረው ምልክት ቀዳዳ አይደለም። ትንሹ ትል የቅጠሉን አረንጓዴ ሥጋ ከአንድ ወገን ፍቆ በሌላው ወገን ያለውን ስስ ሽፋን ስለሚተወው፣ ቅጠሉ ወደ ብርሃን ሲያዝ እንደ ትናንሽ መስኮት የሚያሳልፉ ነጫጭ ንጣፎች ይታዩበታል። መርዝ በእርግጥ የሚሠራው በዚህ የመስኮት ጊዜ ነው።

ትሉ ሦስተኛውን ደረጃ ሲያልፍ ወደ እምብርቱ ዘልቆ ይገባል። እዚያም ባልንጀሮቹን ይበላል፤ በአንድ እምብርት ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ወፋፍራም ትሎች ብቻ የሚገኙት ለዚህ ነው። ከበላዩ በኩሱ ይዘጋል። አንድ እምብርት ገልጠው ቢያዩ፣ እርጥብ ሰጋቱራ የመሰለ ቡናማ ድፍድፍ አፉን ሞልቶት፣ ትሉም ከሥሩ ተጣጥፎ ያገኙታል። ከላይ የተረጨ ጠብታ ያንን ኩስ ያርሳል እንጂ አያልፈውም።

የእርስዎ ሦስት ርጭቶች ለምን እንደከሸፉ ከዚህ በኋላ ማስረዳቱ ቀላል ነው። የመጀመሪያውን የረጩት ቀዳዳ ካዩ በኋላ ነው፤ ያኔ ትሉ አድጎ ገብቷል። የረጩት ፀሐይ በበረታችበት ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት ትሉ ጥልቅ ውስጥ ተደብቋል፣ ጠብታውም በቅጠሉ ላይ ቶሎ ይተናል። ሲረጩም በረድፎቹ መካከል እየሄዱ የመርጫውን ጫፍ ወደ ግራና ቀኝ እያወዛወዙ እንደነበር እገምታለሁ፤ አብዛኛው ሰው እንዲያ ነውና። ያ አረጫጨት ለድሮው ተምች ይበቃል፤ ለዚህኛው ግን ውሃው ከእምብርቱ አፍ ቁልቁል መግባት አለበት።

አራተኛው ምክንያት ክብደት ያለው ነው፤ አንዱን መድኃኒት ሦስት ጊዜ ደጋግመዋል። መጤ ተምች በአሜሪካ አህጉር ለአሥርት ዓመታት ሲረጭ የኖረ ስለሆነ፣ ፓይሬትሮይድ፣ ኦርጋኖፎስፌትና ካርባሜት የሚባሉትን የቆዩ የመርዝ ቤተሰቦች የሚቋቋሙ ዘሮች አሉት። የተባይ መከላከያ ባሕርይ በዘረ መል የተሰጠው በቆሎም አላመለጠም፤ በፖርቶ ሪኮ እ.ኤ.አ. በ2006 አንዱን ዓይነት የሚቋቋም ተምች በማሳ ላይ ተገኝቷል። ደካማውን እየገደሉ ጠንካራውን ማስቀረት ማለት ዘር መምረጥ ማለት ነው። በዚያ ላይ የቆዩት መርዞች ተምቹን ሳይነኩ ጠላቶቹን ይፈጃሉ። ጠላቶቹ ደግሞ ተራ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2017 በኢትዮጵያ ከማሳ ተሰብስበው በተመረመሩ ትሎች ውስጥ ኮቴሲያ ኢሲፔ የተባለች፣ ልጆቿ ትሉን ከውስጥ በልተው የሚገድሉት ትንሽ ጥገኛ ተርብ እንደየቦታው ከ34 እስከ 45 በመቶ የሚሆኑትን ይዛ ተገኝታለች፤ ያውም ተምቹ አገር በገባበት በዚያው ዓመት፣ ማንም ሳያሰማራት። ሦስት ጊዜ ሲረጩ ከሁሉ በፊት ያለቀችው እርሷ ልትሆን ትችላለች።

ሰብሉን ስለመንቀል የጠየቁትን ልመልስ። የተበጣጠሰ ቅጠል ለዓይን አስደንጋጭ ነው፤ በጎተራ የሚጎድለው ግን ከሚታየው በብዙ ያነሰ ይሆናል። በቆሎ ገና ቅጠል በማውጣት ላይ ሳለ የተበላበትን በአዲስ ይተካል፤ በቂ ምግብና እርጥበት ካለው ቆሞ ይሄዳል። ተምቹ ወደ አፍሪካ በገባ ሰሞን ግማሽ ምርት ይጠፋል የሚል ግምት ተሰምቶ ነበር። በኋላ በምሥራቃዊ ዚምባብዌ ማሳ ለማሳ ተቆጥሮ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ግን የምርት ቅነሳውን 12 በመቶ ገደማ አድርጎታል። 12 በመቶ ትንሽ ነው አልልም። ነገር ግን ሦስት ርጭት ከነድካሙና ከነወጪው ከዚያ ሊበልጥ ስለሚችል፣ ተምችን ባዩ ቁጥር መርጨት ራሱን የቻለ ኪሳራ ነው። ሊፈራ የሚገባው ጉዳት ሁለት ቦታ ላይ ነው፤ ገና ለጋው ችግኝ የሚያድግበት ጫፍ ሲቆረጥና ትሉ እሸቱን በጎን ቀዶ ሲገባ። እሸቱ ላይ የሚተወው ቀዳዳ ለሻጋታ በር ስለሚከፍት፣ የፍሬው ጥራትም አብሮ ይበላሻል።

ስለዚህ መርጨት ወይም አለመርጨት የሚወሰነው በቆጠራ ነው። በማሳው ውስጥ በዚግዛግ እየሄዱ፣ ከዳር አምስት እርምጃ ያህል ገባ ብለው፣ አምስት ቦታ ላይ ይቁሙ፤ በእያንዳንዱ ቦታ ተከታታይ ሃያ ተክል ይመልከቱ። የሚቆጠረው አዲስ መስኮት ወይም እርጥብ ኩስ ያለበት ብቻ ነው፤ ደርቆ የቆየ ቀዳዳ ያለፈ ታሪክ ነውና አይቆጠርም። በቆሎው ከበቀለ ጀምሮ እስከ ስድስት ቅጠል ድረስ ባለው ጊዜ፣ ከመቶው ተክል 20 ያህሉ ከተያዘ እርምጃ ይወሰዳል። ከዚያ በኋላ ወንዴ አበባው እስኪወጣ ድረስ መነሻው ወደ 40 ከፍ ይላል፤ ተክሉ የሚችለው ጨምሯልና። እነዚህ ቁጥሮች ሕግ ሳይሆኑ መነሻ ናቸው፤ ዝናብ ያጠረበት፣ አረም የዋጠው፣ ማዳበሪያ ያጣ ማሳ ከዚያ ቀድሞ ይጎዳል።

አማራጮቹን ከነአቅማቸው ልናገር። ማሳው ትንሽ ከሆነ የእጅ ሥራን የሚያህል የለም። በሱፍ የተሸፈነውን የእንቁላል ክምር በጣት መጨፍለቅ መቶና ሁለት መቶ ትል በአንዴ ማጥፋት ነው፤ በሳምንት ሁለቴ ችግኙን ዞሮ ማየት ግን ይጠይቃል። ደቃቅ አሸዋ ወይም የቀዘቀዘ አመድ በቁንጥር ወደ እምብርቱ መጨመር ብዙ ገበሬዎች የሚሠሩበት ዘዴ ነው፤ ትሉን ይፈትገዋል፣ ያደርቀዋል። ዝናብ ሲያጥበው ይደገማል፤ ለሰፊ ማሳ አይሆንም። የኒም ፍሬ ተወቅጦ፣ በውሃ ተዘፍዝፎና ተጣርቶ ቢረጭ ትንንሾቹን ትሎች ከመብላትና ከማደግ ያግዳቸዋል፤ ትልቁን ግን አይጥልም፤ የፀሐይ ብርሃን ስለሚያከሽፈውም ሲመሽ መረጨት አለበት። ባሲለስ ቱሪንጄንሲስ ከተባለው ባክቴሪያ የሚሠሩ ዝግጅቶችም እንዲሁ ናቸው፤ ትሉ ሊበላቸው ይገባል፣ ሕፃን ሳለም ነው የሚሠሩት፤ ለንብና ለተርብ ደህና መሆናቸው ትልቅ ጥቅማቸው ነው።

በፌሮሞን፣ ማለትም በእንስቷ ሽታ የተሠራ ወጥመድን ስለገዙ ብቻ ተከላክያለሁ የሚሉ አሉ። ወጥመዱ ወንዶቹን ብቻ ይስባል፤ ከሌሎች ጋር ተገናኝታ የመጣች እንስት እንቁላሏን ከመጣል አያግዳትም። ጥቅሙ የእሳት እራቷ መምጣቷን ነግሮ ቆጠራ እንዲጀመር ማንቃት ነው፤ ከዚያ በላይ አይጠበቅበት።

የኬሚካል ነገር ሲነሳ የንግድ ስሙን ትተው በጠርሙሱ ጽሑፍ ላይ ያለውን ገዳይ ንጥረ ነገር ያንብቡ። ሁለት ጠርሙሶች በስም ተለያይተው በውስጣቸው አንድ ሊሆኑ ይችላሉ፤ «መድኃኒት ቀየርኩ» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ የቀየረው ጠርሙሱን ነው። በመጤ ተምች ላይ አሁን የተሻለ ውጤት ያላቸው ክሎራንትራኒሊፕሮል፣ ስፒኔቶራምና ኤማሜክቲን ቤንዞኤት ናቸው፤ ሦስቱም ከተለያየ ቤተሰብ ስለሆኑ የአገዳደል መንገዳቸው ይለያያል። በብዙዎቹ ጠርሙሶች ላይ የቤተሰቡ ቁጥር ታትሟል፤ ለሦስቱ በቅደም ተከተል 28፣ 5 እና 6 ነው። አንዱን ቁጥር በአንድ ትውልድ፣ ማለትም በአንድ ወር ገደማ ውስጥ፣ ከተጠቀሙ በሚቀጥለው ትውልድ ላይ ሌላ ቁጥር ይውሰዱ። ሁለቱን በአንድ መርጫ መቀላቀል ግን ለተምቹ ሁለቱንም በአንዴ ማስተማር ነው፤ ተቀላቅለው የሚያበላሹትና የሚያቃጥሉት ነገርም ሊኖር ይችላል። የተፈቀደው መጠን ተፈትኖ የተቀመጠ ስለሆነ ማጠፉ ትሉን ሳይሆን ረጪውንና የሚበላውን ሰው ይጎዳል። በጎተራ እህል ላይ እንዲነሰነስ የተሠራ ዱቄት ወደ እምብርቱ መጨመርም እንዲሁ የተከለከለ ነው።

እንግዲህ በእርስዎ ማሳ ላይ የማዘው ይህ ነው። ርጭቱን ዛሬ ያቁሙ። ነገ በማለዳ መቶ ተክል ይቁጠሩ፤ ከተያዙት ውስጥ አሥሩን እምብርት ገልጠው ትሉን ከማስመሪያ ጋር ያስተያዩ። አብዛኛው ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ አይርጩ፤ መርዙ አያገኘውም፣ በቀናት ውስጥም ወደ አፈር ይወርዳል፤ የሚችሉትን በእጅ ይልቀሙና በአምስተኛው ቀን እንደገና ይቁጠሩ። አብዛኛው ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ሆኖ አዲስ ጉዳት ያለበት ተክል ከ40 በላይ ከሆነ፣ እስካሁን ከተጠቀሙበት የተለየ ቤተሰብ የሆነውን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ የመርጫውን ጫፍ ከእምብርቱ አፍ በላይ አቅንተው ይርጩ። ትልቅና ትንሽ ትል ተቀላቅሎ ከተገኘ ትንንሾቹን ያስቀድሙ፤ ትልልቆቹን ማሳደድ ትርፍ የለውም። ከአንዱ ርጭት ሦስት ቀን በኋላ ደግመው ቆጥረው ካልቀነሰ፣ ችግሩ ከመርዙ ይልቅ ከአረጫጨቱ መሆኑን ቀድመው ይጠርጥሩ፤ አንድ እምብርት ከፍተው ውሃው ታች ደርሶ እንደሆነ ይዩ። አረሙን አሁኑኑ ይንቀሉ። ከላይ የጠቀስኩት የዚምባብዌ ጥናት ቶሎ ቶሎ የታረመ ማሳ ጉዳቱ አነስ ያለ፣ ከዱባ ጋር የተሰባጠረ በቆሎ ግን ከፍ ያለ ሆኖ አግኝቶታል።

ወንዴ አበባው ወጥቶ እሸቱ ጸጉር ካበቀለ በኋላ ርጭቱን እርግፍ አድርገው ይተዉት። ትሉ በልባሱ ውስጥ ስለሚሆን መርዝ አይደርስበትም፤ መርዙ ግን እሸቱ ላይና ለከብት በሚታጨደው አገዳ ላይ ይቀራል።

ለሚቀጥለው ዘር ቁምነገሩ ጊዜ ነው። ዝናቡ ወይም መስኖው እንደተመቸ ዘርቶ ከጎረቤት ማሳ ጋር እኩል መሄድ ይበጃል፤ ዘግይቶ የተዘራ በቆሎ በዙሪያው ካሉት ማሳዎች አድጎ የወጣውን የእሳት እራት በሙሉ ይቀበላል። ተምቹ የሚያንቀላፋበት ወቅት ስለሌለው፣ በመስኖ በቆሎን በበቆሎ ላይ ዓመቱን ሙሉ መዝራት ምግቡን ሳያቋርጡ ማቅረብ ነው። በረድፎቹ መካከል ተባዩን በሽታው የሚገፋውን ዴስሞዲየም የሚባል ተክል፣ በማሳው ዳር ደግሞ የሚስበውን ብራኪያሪያ የሚባል ሣር መትከል ገፊና ሳቢ የሚባለው ዘዴ ነው፤ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ የተሞከሩ ማሳዎች በአንድ ተክል የሚገኘው የትል ቁጥር ከ80 በመቶ በላይ ቀንሶ ተገኝቷል። ሁለቱም ዕፅዋት የከብት መኖ ስለሚሆኑ መሬት በከንቱ አይያዝም፤ ለመጀመሪያው ወቅት ግን ዴስሞዲየሙ እስኪጠነክር አረሙን በእጅ መጠበቅ አለ። ከበቀለ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቅጠሉን ወደ ብርሃን እየያዙ መስኮት ይፈልጉ፤ ቀዳዳ እስኪታይ አይጠብቁ።

መርጨት ግድ ሲሆን ጓንት፣ ረጅም እጅጌ፣ ቦቲ ጫማና የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ይልበሱ፤ ነፋስ ከኋላዎ ይሁን፤ የተዘጋን የመርጫ ጫፍ በአፍ አይንፉ። ሕፃናትና ከብቶች በመርዙ ዕቃ ላይ እስከተጻፈው ቀን ድረስ ወደ ማሳው አይግቡ፤ ባዶው ዕቃም ይቀደድ እንጂ ለውሃ መያዣ አይዋል። ከርጭት በኋላ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ የዓይን ብዥታ ወይም መንቀጥቀጥ የተሰማው ሰው ልብሱን አውልቆ፣ ገላውን በሳሙና ታጥቦ፣ የመርዙን ዕቃ ወይም በላዩ ያለውን ጽሑፍ ይዞ ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ይሂድ።